መጀመሪያ ብረት

የእህቴ ስልክ አሁንም ይጠራል። እህቴ መሠረት፣ እኛ መሲ የምንላት፣ ማክሰኞ ሞተች። ረቡዕ ቀበርናት። ሐሙስ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኳ ኪሴ ውስጥ ጠራ። አውጥቼ አየሁት። «አራት ጩኸት ወፍጮ ቤት» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። አላነሳሁትም። ጠርቶ እስኪጨርስ ይዤው ቆየሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

«አራት ጩኸት ወፍጮ ቤት» ሰው ነው። መሲ ደንበኞቿን የምትመዘግበው እንደዚያ ነበር። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ናት አልኩ። ነበረች። መናኸሪያ አካባቢ፣ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! አንድ ሰው!» የሚሉት ረዳቶች ድምፅ ቀኑን ሙሉ በሚሰማበት መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትሠራ ነበር። ኮምፒውተር ሲታመም፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ እንኳን፣ ከውስጥ ይጮሃል። ስንት ጊዜ እንደሚጮህ የቆጠረ ሰው ምኑን እንዳመመው በግማሽ ያውቃል። ስለዚህ መሲ ስልክ ስታነሳ «ምን ልታዘዝ?» አትልም። «ስንት ጊዜ ይጮሃል?» ነው የምትለው። መልሱ ለሰውየው ስም ይሆነዋል። ሁለት ጩኸት ጋራዥ። ረጅም ጩኸት ፋርማሲ። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ስማቸውን ስልኳ ላይ አዩት። «ዝም ያለው ፓስተር» ይላል።

«እኔ ነኝ ዝም ያልኩት ወይስ ኮምፒውተሩ?» አሏት።

«ኮምፒውተሩ ነው ፓስተር። እርስዎማ መቼ ዝም ይላሉ?»

እሳቸው ሳቁ። መሲ አልሳቀችም። ሰው ስለ ሞተ ሰው ሲጽፍ ሳቂታ ነበረች ይላል። መሲ ሳቂታ አልነበረችም። ሰው ታስቃለች እንጂ እሷ አትስቅም። አጭር ናት። ካቻቢቴ ጆሮዋ ላይ እንደ እስክሪብቶ ትሰካለች። ጫማዋን ሱቅ ውስጥ አታወልቅም፤ ቤት ስትገባ ግን በር ላይ ሁለቱንም በአንዴ ወርውራ ነው የምትገባው። እናቴ ሁልጊዜ ትሰበስበዋለች። መሲ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን፣ እሷና እኔ ነን፤ ሌላ ሰው ቤታችን የለም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከማመልከቻ በስተቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ከየት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ከእትዬ ዘይነባ ልጀምር።

እትዬ ዘይነባ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ሴት ናቸው። ያላቸው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ነው። ኮምፒውተራቸው ሦስት ጊዜ እየጮኸ አልነሳ አለ፤ መሲ ራሙ መሞቱን አወቀች። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝባት፣ ርዝመቷ እንደ ማበጠሪያ የሆነች ቀጭን ሰሌዳ ናት። ማሽናቸው አሮጌ ስለሆነ ለእሱ የሚሆን ራም ሐዋሳ ውስጥ ጠፋ። መሲ ሁለት ሳምንት ስትጠይቅ ቆይታ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላከችው። የተገኘው አንድ ብቻ ነው። ሰኞ ደረሰ። «ሐሙስ መጥተው ይውሰዱ» አለቻቸው። ማክሰኞ ጠዋት ቱላ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ልትሠራ ሄደች። ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ።

የእትዬ ዘይነባ ኮምፒውተር ጠረጴዛዋ ላይ ክፍቱን ቀረ። ራሙ ከጎኑ አለ። ያንን ሥራ ሊጨርስ የሚችል ከቤታችን እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ራም ከነካሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል።

መሲ ራም ስትሰካ ስንት መቶ ጊዜ እንዳየኋት አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው ትነቅላለች። ማጥፋት አይበቃትም። ከነቀለች በኋላ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ትጫነዋለች፤ ውስጥ የቀረውን እንዲተፋ ነው። ከዚያ ተነስታ ወደ መስኮቱ ትሄድና የፍርግርጉን ብረት ትይዛለች። ከፍርግርጉ ጫፍ ወደ ጓሮ የሚወርድ ወፍራም ሽቦ አለ፤ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ያሰረችው ራሷ ናት። ትመለስና የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ትነካለች። ይህን ሳታደርግ ጣቷ ሰሌዳው ላይ አያርፍም።

«መጀመሪያ ብረት» ትለኝ ነበር። «ሰው ሲራመድ፣ ከወንበር ሲነሳ፣ ሹራብ ሲያወልቅ ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ ይሰበስባል። አንተ አይሰማህም፤ ራሙ ግን ይሰማዋል። ይሞታል። ሲሞት ደግሞ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው።»

ራሙን ጠርዝና ጠርዙን ነው የምትይዘው። ከታች የተደረደሩትን ወርቃማ መስመሮች ጥርስ ትላቸዋለች። «የሰው ጥርስ ላይ ጣትህን ትከታለህ? አትከትም። ተወው» ትላለች። ጥርሱ ከቆሸሸ በተማሪ ላጲስ ቀስ አድርጋ ታሸዋለች፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ታራግፋለች እንጂ እፍ አትልም፤ እፍታ ምራቅ አለው። የመሰኪያው ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ደግሞ ጆሮ ትላቸዋለች፤ ወደ ውጭ ትከፍታቸዋለች። በራሙ ጥርሶች መካከል አንዲት ክፍተት አለች፤ ልክ መሀል ላይ አይደለችም፣ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። መሰኪያው ውስጥ ደግሞ ለእሷ የምትሆን ጉብታ አለች። ሁለቱ ካልተገናኙ ራሙ አይገባም። «እምቢ ካለህ አትግፋው፤ አዙረህ እየው» ትላለች። ሲገናኙ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ጫፍና ጫፍ ላይ አሳርፋ እኩል ትጫናለች። ጠቅ። ጠቅ። ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በዚህ ጆሮ፣ አንዱ በዚያ።

«አንዴ ብቻ ጠቅ ካለ ግማሽ ነው። ግማሹን የገባ ከነጭራሹ ካልገባው ይብሳል።»

ከዚያ ገመዱን ትሰካና ታበራዋለች። ኮምፒውተሩ ደህና ከሆነ አንዴ፣ አጠር አድርጎ ይጮሃል። «አለሁ አለ» ትልና ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

እትዬ ዘይነባ ኮምፒውተራቸውን ያመጡ ቀን ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። መሲ የሞተውን ራም ስታወጣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ።

«መሲዬ፣ ይሄ ነገር ሲወጣ ጽሑፎቼ አብረው አይወጡም?»

«አይወጡም እትዬ ዘይነባ። ጽሑፍዎ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ራም እጅ ነው እንጂ ሳጥን አይደለም።»

«እጅ?»

«ሲጽፉ እስክሪብቶ ይይዛሉ። ይዘውት ይተኛሉ?»

«አላብድም እንዴ!»

«በቃ፣ እሱም ሲጠፋ ባዶ እጁን ነው። ሳጥንዎ እንደተቆለፈ አለ።»

እትዬ ዘይነባ ተረጋጉ። መሲ አጠገባቸው የነበረውን ሌላ ኮምፒውተር ስታበራው አንዴ ጮኸ። «አለሁ አለ» አለች። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ፣ የኔም ይበለኝ» አሉ።

ራም መንካት ያቆምኩበትን ልናገር። ሁለት ዓመት ሆነው። እንደዛሬው ጥር ነበር፤ ደረቅ ፀሐይ ነበር። መሲ ምሳ ልታመጣ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የአንድ መምህር ኮምፒውተር ተከፍቶ ነበር፤ የቀረው ራሙን መሰካት ብቻ ነው። ሳትመለስ ልጨርሰውና ላስደንቃት አሰብኩ። ሞቀኝ፤ የለበስኩትን የናይሎን ሹራብ በራሴ ላይ አውልቄ ወንበሩ ላይ ወረወርኩት። ሲወልቅ ጠጠጠጥ እንዳለ ትዝ ይለኛል። ሰምቼዋለሁ። ከዚያ በቀጥታ ራሙን አነሳሁ። ሁለት ጊዜ ጠቅ አለ። አበራሁት። አንድም አልጮኸም።

መሲ ምሳውን ይዛ ገባች። ኮምፒውተሩን አየች። ወንበሩ ላይ ያለውን ሹራብ አየች። ቀጥላ መስኮቱን አየች።

«ብረት?» አለች።

ሹራቡን ከወንበሩ ላይ አነሳሁት።

መምህሩ ሲመጡ እዚያው ቆሜያለሁ። «ራሙን እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለቻቸው። «ነገ በሌላ እተካዋለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» እሳቸው «አንቺም ታበላሻለሽ እንዴ?» ብለው ተገረሙ። «አንዳንዴ» አለች። ከሄዱ በኋላ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ምሳውን ከፈተችና «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ቢላዋ ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አቧራ አጸዳ፣ ብሎን እፈታ፣ ዕቃ አደርስ ነበር እንጂ ሰሌዳ አልነካሁም። ስንት ጊዜ ራም ከነብርማ ፌስታሉ ዘርግታልኛለች።

«ያዝ።»

«አይ፣ አንቺ ስሪው።»

«እጅህ እኮ አልተበላሸም ሳሚ። ረስተህ ነው።»

«ደግሜ ብረሳስ?»

«ሰው ያስታውስሃል።»

«ማን?»

«እኔ አለሁ አይደል?» ትለኝ ነበር። ከዚያ ፌስታሉን መልሳ ወደ ራሷ ትስበዋለች። አትጫነኝም። እኔንም እንደ ራም ነበር የምታየኝ፤ እምቢ ካለ አይገፋም ብላ ነው መሰለኝ።

የብረቱ ነገር እቤታችን ጠብ አስነስቶ ያውቃል። ጠብ እንኳን አይባልም። የቤተ ክርስቲያናችን ኮምፒውተር፣ መዝሙሩን ግድግዳ ላይ የሚያሳየው፣ ቅዳሜ ተበላሸና መሲ ተጠራች። አዳራሹ ውስጥ መዘምራን እየተለማመዱ ነበር። እሷ ሥራዋን እንደለመደችው ሠራች። መስኮቱ ጋ ሄዳ ብረት ትይዛለች፣ ትመለሳለች፤ ሰው መጥቶ ይጨብጣታል፤ እንደገና ሄዳ ትይዛለች። እትዬ ብርቱካን ከኋላ ተቀምጠው ያያሉ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ከእናቴ ጋር አብረው ነው የሚጸልዩት። ሰኞ ጠዋት ቤታችን መጡ።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ልጅሽ ብረት ትይዛለች።»

«የምን ብረት?»

«የመስኮት ብረት። ሳትይዝ ሥራ አትጀምርም። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አላየሁም፤ እውነቱን ለመናገር። ግን ሰባት ጊዜ!»

እናቴ ባለችበት ተቀመጠች። ያን ያህል ለምን እንደደነገጠች ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ነው የነገረችን። መሲን ገጠር ስትወልድ፣ ጌታን ከመቀበሏ በፊት ማለት ነው፣ አራስ ሆና ከቤት በወጣች ቁጥር እጇ ላይ ብረት ያስይዟት ነበር። ቢላዋ፣ ካልሆነም ሚስማር። ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ተብሎ ነው። ካመነች በኋላ ያንን ሁሉ ተወች፤ ሚስማሩን ወንዝ ውስጥ ጣለችው። አሁን ያኔ በዚያ ብረት የተጠበቀችው ልጅ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ፊት ብረት ይዛ ታየች።

መሲ ከሥራ ስትመጣ እናቴ ጫማዋን አልሰበሰበችላትም። ቆማ ጠበቀቻት።

«መሠረት፣ ይሄ ብረት ምንድን ነው?»

ሙሉ ስሟን የምትጠራት ስትቆጣ ነው። መሲ ከኋላዋ የቆምኩትን እኔን አየችኝ።

«የቱ ብረት?»

«አትቀልጂብኝ። እየሄድሽ የምትይዢው።»

«እማ፣ መንፈስ አይደለም። ሹራብሽ ነው።»

«ሹራቤ ምን አደረገ?»

«ስታወልቂው ጠጠጠጥ አይልም?»

«ይላል።»

«እሱ ነው። እኔም ላይ አለ። ወደ ራሙ እንዳይሄድ ብረቱ ላይ አራግፈዋለሁ።»

እናቴ የለበሰችውን ሹራብ እጅጌ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እሱንማ ስንት ዓመት ጸልዬበታለሁ» አለች።

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ። መሲ አልሳቀችም። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉሯ ላይ አሽታ የተቀደደ ወረቀት ስታስነሳላት በመስኮት አይቻለሁ። እናቴ ወረቀቶቹ ዘለው ማበጠሪያው ላይ ሲለጠፉ ጎንበስ ብላ አየች። «ገብቶኛል» አለች። «ቢሆንም ሰው ፊት አትንኪ።»

መሲ ታዘዘች። በራሷ መንገድ ነው እንጂ። ቀጭን ሽቦ ወስዳ አንዱን ጫፍ ፍርግርጉ ላይ የሚሰካ አደረገችው፤ ሌላውን ጫፍ ቆዳ የሚነካ አምባር አድርጋ እጇ ላይ አሰረችው። ሽቦው መሀል አንዲት ትንሽ ሬዚስተር በየደችበት፤ ድንገት ከመብራት የሚመጣ ነገር ካለ እሷን እንዳይመታት። የተበየደችበት ቦታ እንዳይነካካ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለችው። አምባሩን እጅጌዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። መስኮት ጋ መሄድ ቀረ። ችግሩ፣ ያ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ነገር አራት ማዕዘን፣ ጥቁር፣ ትንሽ ነበር። ገጠር ሰው አንገቱና ክንዱ ላይ የሚያስረው ክታብ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው።

እትዬ ብርቱካን የልጃቸውን ላፕቶፕ ሊያስጠግኑ መጥተው አዩት። ማታ እናቴን «ብረቱንስ ትታለች» አሏት። «አሁን ክታብ አስራለች።»

መሲ ይሄን ስትሰማ፣ «እማ፣ ብረት ልንካ ወይስ ክታብ ልሰር? አንዱን ምረጪልኝ» አለቻት። እናቴ አልመረጠችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሱቁ መምጣት አቆመች። የምሳ ዕቃውን በእኔ ትልካለች። መሲም አንድም ቀን «ለምን አትመጪም?» አላለቻትም። ሽቦውንም አልተወችውም። ይሄንን ሳስበው ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሁለቱም እልኸኛ ነበሩ።

ማክሰኞ ሆስፒታል ውስጥ ዕቃዋን በፌስታል ሰጡን። ስልኳ፣ አንድ ጫማ፣ ካቻቢቴዋ፣ የመታወቂያዋ ቦርሳ። ነርሷ ከፌስታሉ ውጭ የቀረውን ሽቦ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ «ይሄ ክታብ የእሷ ነው?» አለችን።

እናቴ እጇን ዘረጋች። «አዎ፣ የልጄ ነው» አለች።

እኔም አላስረዳሁም። የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

እኔ አላለቀስኩም። ሰው «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ይለኛል። ምን ይውጣልኝ? ውስጤ ምንም ያለ አይመስለኝም። ቀብር ላይ መዘምራን ሲዘምሩ አፋቸውን አያለሁ። ከማዶ ጣሪያ ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ረጅሙ የሐይቅ ወፍ፣ ቆሞ ነበር፤ እስክንመለስ ንቅንቅ አላለም። እሱን ሳይ ቆየሁ። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ምሰሶዎቹን እቆጥር ነበር። አሥራ አንድ ናቸው። እጄን ስጨብጥ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለኝ።

እትዬ ዘይነባ ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም መጡ። ከእናቴ ጎን ከሴቶቹ ጋር ይቀመጣሉ፤ መዝሙር ሲዘመር አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ስለ ኮምፒውተር አንድም ቃል አልወጣቸውም። ዓርብ ውሃ ሳድል ጣቶቻቸውን አየሁ። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ሰማያዊ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ነው። አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ስለ ማመልከቻ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። «ሰሞኑን በእጄ ነው የምጽፈው። በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ካሉህ ትንሽ ታገስ» አሉት።

ውሃውን አስቀመጥኩና አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ኮምፒውተርዎ…»

«ተወው ልጄ። ይሄ አሁን የሚነሳ ነገር ነው?»

«ሐሙስ ብላዎት ነበር።»

«እሷ ሐሙስ ያለችኝ እኖራለሁ ብላ ነው። አንተን በእሷ ቃል ማን ይዞሃል?»

ማንም አልያዘኝም። ግን ራሙ አንድ ብቻ ነው። ባበላሸው እትዬ ዘይነባ ሌላ አያገኙም፤ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» የሚልልኝም የለም። ድንኳኑ ሲነሳ እናቴ፣ «የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ መልስላቸው፤ ማን ይሠራበታል?» አለችኝ። እሺ አልኩ። መጀመሪያ ግን ያቺን አንዲት ማሽን ልጨርስ አልኳት። የነጠላዋን ቋጠሮ ጨበጠች።

«እኔም እመጣለሁ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሆነን ሄድን። እትዬ ብርቱካን እናቴን ክንዷን ደግፈው ነው የመጡት፤ እናቴ ብቻዋን መሄድ አልቻለችም ነበር። እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከፈትኩት። ሁሉም እንዳለ ነው። ላጲሱ አለ። ግማሽ የተጠጣ የውሃ ጠርሙስ አለ። እናቴ ደፍ ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ገመዱ ተነቅሏል፤ ራሷ ነቅላው ነበር የሄደችው። ማብሪያውን ተጫንኩት። የመሰኪያውን ጆሮዎች ከፈትኩ። ከዚያ ብርማውን ፌስታል አነሳሁ። ለልቅሶ ያዋሱኝን ጥቁር ጃኬት እንደለበስኩ ነኝ፤ የናይሎን ነው፤ ከቤት ጀምሮ በእግሬ መጥቻለሁ። ይሄንን አሁን ስጽፈው ነው የማስበው። ያኔ ምንም አላስብም ነበር። የፌስታሉን አፍ ከፈትኩ። ጣቶቼን ሰደድኩ።

«ብረት ነካህ?»

ቀና አልኩ። እናቴ ናት፤ ደፉ ላይ። እትዬ ብርቱካን ክንዷን እንደያዙ ዞር ብለው አዩዋት። መንገደኛ ያልፋል። እናቴ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ሳሚ፣ ብረት ነካህ ወይ?»

«አልነካሁም።»

«ንካ።»

ፌስታሉን አስቀመጥኩ። ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጣቴ ፍርግርጉ ጋ ሊደርስ ሲል ጠጥ አለና ቆነጠጠኝ። አመመኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ብረቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ግንባሬንም አስደገፍኩት። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ውጭ «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ» ይላሉ። ከኋላዬ ካሉት ሦስት ሴቶች አንዳቸውም በቃህ አላሉኝም።

ፊቴን ጠርጌ ጃኬቱን አወለቅኩ። እንደገና ብረቱን ነካሁ። ተመልሼ የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ነካሁ። ራሙን ጠርዝና ጠርዙን ይዤ መሰኪያው ላይ አሳረፍኩት። እምቢ አለኝ። አልገፋሁትም። አዙሬ አየሁት። ክፍተቷ ጉብታዋ ላይ ተቀመጠች። በሁለት አውራ ጣቶቼ ተጫንኩ። ጠቅ። ጠበቅኩ። ሌላው ጆሮ ክፍት ነው። ግማሽ ነው። የቀኝ እጄ እየፈራ እንደሆነ አየሁ፤ በእሱ በኩል ብዙም አልተጫንኩም። ትንፋሼን ያዝኩና ያንን ወገን ተጫንኩት።

ጠቅ።

ገመዱን ሰክቼ አበራሁት። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከዚያ አንዴ፣ አጠር አድርጎ ጮኸ።

«አለሁ አለ። አይደል ልጄ?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«አዎ» አልኩ።

እናቴ ደፉን ተሻግራ ገባች። የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችና ሽቦውን አወጣችው። ናስትሮው ጫፉ ላይ ተነስቷል፤ በጣቷ ተጭና መልሳ ለጠፈችው። ፍርግርጉ ላይ ሰቀለችው። ለመስቀል ብረቱን ያዘች።

«ክታቧ ነው?» አሉ እትዬ ብርቱካን ቀስ ብለው።

«የሥራ ዕቃዋ ነው» አለች እናቴ። «ቦታው እዚህ ነው።»

እትዬ ዘይነባ ኮምፒውተራቸውን በባጃጅ ይዘው ሄዱ። ባጃጁ ተነስቶ ከዓይኔ እስኪጠፋ መንገዱ ላይ ቆሜ አየሁት። ስመለስ እናቴ የመሲ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስለ ቁልፉ አላነሳችም። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ስልክ ጠራ። ስም የሌለው ቁጥር ነው። እናቴ ስልኩን አየች፤ እኔን አየችኝ። አነሳሁት።

«ሃሎ፣ መሲ ኮምፒውተር ነው?» አለ አንድ ሰው።

«ነው» አልኩ። «ስንት ጊዜ ይጮሃል?»